አዲስ መኪና አልገዛም፤ ያለችኝ ኮሮላ ጭሷንና ነዳጇን እንዴት ልቀንስ?

የአያቱ አባት | ጥቅምት 3፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

የ2003 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። ከአያት ሜክሲኮ እመላለስባታለሁ። ደርሶ መልስ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ልጄን ስጠብቅ ከመኪናዋ ኋላ ዞራ ስትመጣ በመስታወት አየኋት። የሹራቧን እጅጌ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሮጣ አለፈች። ሰባት ዓመቷ ነው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርጊው?» ስላት «አዎ፣ ይሸታላ» አለችኝ። እሷ ለምዳዋለች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከራሴ አልወጣልኝም።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ነዳጅ በስልክ ስለምንከፍል የቀዳሁት ሁሉ ስልኬ ላይ አለ። ደመርኩት። ለሥራ ምልልስ ብቻ በወር 64 ሊትር ገደማ ቤንዚን አቃጥላለሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከነዳጁ ራሱ የሚከብደው ከአየር ኦክስጅን ስለሚጨመርበት ነው። በወር 147 ኪሎ መሆኑ ነው። ልጄን ሲኤምሲ ካወረድኩ በኋላ አራቱ ወንበር ባዶ ነው። ያ ሁሉ እኔን አንድ ሰው ለማመላለስ ነው።

«ኤሌክትሪክ ግዛ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አቅሜ አይፈቅድም። ኮሮላዋን ብሸጣትም ሌላ ሰው ይነዳታል እንጂ ጭሱ አይጠፋም። ያለችኝን ይዤ ጉዳቷን መቀነስ ነው የምፈልገው። ከየት ልጀምር?

ባለ ጋራዡ | ጥቅምት 3

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጭሱን ቀለም ንገረኝ።

27 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰማያዊ ጭስ ካየሁ መኪናዋ ዘይት እየበላች ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል፣ ወይ አየር አንሷታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ሞተር ውስጥ እየገባ ነው፤ እሱን አንድ ቀን አታሳድር። ጠዋት የሚታይ ስስ ነጭ እንፋሎት ግን የብርድ ነው፣ አያሳስብህ።

ከዚያ ቁልፉን አዙር፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች መብራት አለባቸው። ቼክ ኢንጂን በራ? ካልበራ መብራቷን የነቀላት ወይም የሸፈናት ሰው ሊኖር ይችላል። መኪና ሲሸጥ ገዢ እንዳይደነግጥ ተብሎ የሚሠራ ነገር ነው። በሙያችን ውስጥ ያለ ነውር ስለሆነ መናገር አለብኝ። ያቺ መብራት ከምትበራባቸው ምክንያቶች አንዱ ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የተሰካች ትንሽ ዕቃ ናት። የሚወጣውን ጋዝ እያየች ለኮምፒውተሩ ነዳጅ ጨምር፣ ነዳጅ ቀንስ ትለዋለች። እሷ ከሞተች ኮምፒውተሩ በግምት ይሠራል፤ አብዝቶ ይረጫል። የነዳጅ ፍጆታው እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ሰው ግን ዓመት ሙሉ ከፍሎ እየነዳ «ኮሮላ ድሮም ነዳጅ ትበላለች» ይላል።

አሁን ደግሞ ከታች ተመልከት። ጭስ ማውጫው መስመር ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው አለ ወይ? ውስጡ የማር እንጀራ ይመስላል። በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተለበጠ ስለሆነ ውድ ነው፤ የሚሸጥም ነው። መርዛሙን ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለውን ነዳጅ የሚያጠፋው እሱ ነው። ሲደፈን ባዶውን ቱቦ ትተው ውስጡን የሚያወጡ አሉ። ደንበኛውም መኪናዋ «ቀለል አላት» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ መኪና ያለ ማጣሪያ ነው የምትተነፍሰው። የልጅህ ሽታ ምናልባት ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካታሊቲኩ የሚሠራው ሲሞቅ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይፈልጋል። ጠዋት መጀመሪያ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ከሁሉ የከፉ ናቸው። ስለዚህ ዳቦ ለመግዛት 500 ሜትር መኪና ማስነሳት በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ከሁሉ የበለጠ የሚበክል ጉዞ ነው። ልጅ ከኋላ እያለፈች ቆሞ ማሞቅም እንደዚያው። የዛሬ መኪና ቆሞ መሞቅ አያስፈልገውም። አስነሳ፣ ቀበቶህን እሰር፣ ቀስ ብለህ ሂድ። እየሄደች ትሞቃለች።

የአያቱ አባት | ጥቅምት 4

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንዳሉኝ አደረግኩ። ጭሱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ በተለይ መጀመሪያ ሲነሳ። ቁልፉን ሳዞር ደግሞ የዘይቱም የባትሪውም መብራት በራ፤ ቼክ ኢንጂን ግን አልበራም። አራት ዓመት ስነዳት አንድም ቀን አላስተዋልኩም። ሻጩን ባምነው ነበር ደስ የሚለኝ።

ባለ ጋራዡ | ጥቅምት 4

ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ከሆነ ቫልቩ ላይ ያለች ጎማ ደርቃ ይሆናል። ሌሊቱን ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ጠዋት ይቃጠላል። ሞተር ሳይወርድ የሚቀየርበት መንገድ አለ፤ የሚያውቅ ሰው ፈልግ። መብራቷን ግን መጀመሪያ አስመልስ። በኮምፒውተር አስነብባት።

ኮተቤ ቁልቁለት | ጥቅምት 4

እኔ ነዳጅ የምቆጥበው በአነዳድ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ማርሽ አወጣና በፍሪ እለቃታለሁ። አንዳንዴ ሞተሩንም አጠፋለሁ። ጠብታ ነዳጅ አትበላም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ | ጥቅምት 4

ወንድም፣ እባክህ ይህን ተው። ከልቤ ነው የምለምንህ።

ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑን የሚያግዘውም ኃይል ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጥክ በኋላ ያልቃል። ያ መንገድ ላይ ደግሞ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ።

በፍሪ መውረድም አያዋጣህም። መኪናህ ኢንጄክሽን (ነዳጁን በኮምፒውተር የምትረጭ) ከሆነች ማርሽ ውስጥ እንዳለች እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ነዳጁ ጨርሶ ይዘጋል። ሞተሩን የሚያሽከረክረው ጎማው ነው። በፍሪ ከሆንክ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማግኘት አለበት። ቆጠብኩ ስትል እያቃጠልክ ነው። በካርቡሬተር ዘመን የነበረ ልማድ ነው ይዘነው የቀረነው። በማርሽ ውረድ፤ የፍሬን ሸራህም ይተርፋል፤ ከሸራው የሚነሳው አቧራም ይቀንሳል።

በጣም የማዝንበት ሌላ ነገር የትምህርት ቤት በር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳና አርባ መኪና ሞተር እያስነሳ ልጅ ይጠብቃል። ትንሽ ሞተር እንኳ ቆሞ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። ከ10 ሰከንድ በላይ የምትቆም ከሆነ አጥፍቶ ማስነሳት ይሻላል። ባትሪህና ማስነሻህ ደህና እስከሆኑ ድረስ አይጎዳም። ልጆቹ በዚያ ጭስ መካከል ነው ተሰልፈው የሚወጡት።

እግረኛዋ | ጥቅምት 5

ይቅርታ፣ እኔ መኪና የለኝም። ግን ጉዳዩ የእኔ ስለሆነ ልጻፍ።

በየቀኑ ከመገናኛ ተነስቼ በሃያ ሁለት በኩል ወደ ሥራዬ በእግሬ እሄዳለሁ። በዚህ ከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው። ስለ መኪና ጭስ ሲወራ ግን የሚያወሩት ባለ መኪኖች ናቸው። መስኮት ዘግታችሁ ታልፋላችሁ። ጭሱ ከእኛ ጋር ይቀራል።

መገናኛ ዳገቱ ላይ በቆሎ የምትጠብስ አንዲት እናት አለች። ልጇን አዝላ ነው የምትሠራው። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሲነሳ ጥቁሩ ደመና ልክ እሷ በተቀመጠችበት ቁመት ላይ ያርፋል። ነጠላዋን ታነሳና የልጁን ፊት ትሸፍናለች። ከዚያ መልሳ ማራገብ ትጀምራለች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ስትሸፍነው ቆጥሬያለሁ። የአያቱ አባት፣ ስለ ልጅህ ስትጽፍ እሷ ነች ትዝ ያለችኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አባት መኖሩ ደስ ብሎኛል።

ባለ ጋራዡ | ጥቅምት 5

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ስለዚያ ጥቁር ጭስ አንድ ነገር ልንገርሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባው) የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ለቆላ በተስተካከለ ፓምፕ እዚህ ዳገት ሲወጣ ናፍጣው ይበዛል፣ አየሩ አይበቃውም። ያልተቃጠለው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ደግሞ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ሲጨመርበት የምታዪው ይሆናል። ፓምፑ ለከፍታው ቢስተካከል፣ ፊልትሮውና መርጫው ቢጸዳ ጭሱ በግማሽ ቀን ሥራ በዓይን የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ሹፌሩ ግን «ጉልበት ቀነሰብኝ» ብሎ መልሶ ያስከፍተዋል። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለንብረቱም፣ ለቦሎ የሚመረምረውም በአንድ ላይ ካልያዙት ሹፌሩ ብቻውን አይችለውም።

አይዲ ፎር | ጥቅምት 6

ባለ ኤሌክትሪክ ነኝ። ጠያቂው አቅሜ አይፈቅድም ስላለ «ግዛ» አልለውም። ግን ለሚያስቡ ሰዎች እውነተኛውን ልንገራችሁ።

ከጥር 2016 ጀምሮ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ታውቃላችሁ። እኔ ከዚያ በኋላ ነው የገዛሁት። በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች። ሌላ አገር የኤሌክትሪክ መኪና ሲነዱ መብራቱ ከድንጋይ ከሰል ሊሆን ይችላል። የእኛ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው። ጊቤ ሦስት አለ፤ ጳጉሜን 4፣ 2017 ደግሞ ሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋዋት ተመረቀ። በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ ዕድል ያለው አገር ጥቂት ነው። ከእንጦጦ ስወርድ ባትሪው ይሞላልኛል፤ ፍሬን የምነካው ከስንት አንዴ ነው።

ችግሩም አለ። መብራት ሲጠፋ ዕቅድ ይፈርሳል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከአራተኛ ፎቅ ኤክስቴንሽን ገመድ ወርውሮ ቻርጅ ማድረግ አደጋ ነው፤ ገመዱ ሲግል በእጄ ነክቼ አውቃለሁ። ለብቻው መስመር በባለሙያ አስገቡ፤ ሰው በማይጠቀምበት በሌሊት ቻርጅ አድርጉ። መኪናዋ ከባድ ስለሆነች የጎማ ብናኝ አይቀርም። ባትሪው ሲሠራም ብዙ ኃይል ፈጅቷል። ብቻዬን ከነዳኋት መንገድ የማጣበበው ከኮሮላው እኩል ነው። መጨናነቁ ኤሌክትሪክም ቢሆን ያው መጨናነቅ ነው።

ቨርጂኒያ ታክሲ | ጥቅምት 6

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የምንነዳ አበሾች ብዙ ነን። ብዙዎቻችን ፕሪየስ (በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ መኪና) ነው የምንይዘው፤ ፍቅር ይዞን ሳይሆን በቀን 200 ማይል ስትነዳ የነዳጅ ወጪው ራሱ ያስተምርሃል።

የተማርኩት ትልቁ ነገር የቀኝ እግር ነው። ቀይ መብራት ከሩቅ ካየህ እግርህን አንሳ። ሮጠህ ሄደህ ፍሬን የምትይዝ ከሆነ የገዛኸውን ነዳጅ ወደ ፍሬን ሙቀት ቀየርከው ማለት ነው። እኔ ተሳፋሪው ከኋላዬ ሳይነቃነቅ ቡና እንዲጠጣ አድርጌ ነው የምነዳው። ያን ያህል ለስላሳ ከሆንክ ነዳጁ ራሱ ይቀንሳል።

ጎማ እሑድ እሑድ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ እለካለሁ። ልኩ የሹፌሩን በር ስትከፍት ተለጥፎ ታገኘዋለህ። አራቱም ጎማ በ1 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ሲጎድል ነዳጅ 0.2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። ግን አገር ቤት ስመጣ የወንድሜን መኪና ለካሁት፤ አራቱም ከልኩ 12 ጎድለው ነበር። ጎሚስታው «በዓይኔ አየሁት፣ ደህና ነው» ብሎት። ጎማ በዓይን አይለካም። መለኪያዋ ትንሽ ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ግዟት።

ከነታንያ | ጥቅምት 7

ሰላም ከእስራኤል። እኛ ዘንድ በዮም ኪፑር፣ በአይሁድ የስርየት ቀን፣ መኪና አይነዳም። አውራ ጎዳናው ሁሉ ባዶ ይሆናል፤ ልጆች በብስክሌት ይሞሉታል። በየዓመቱ በዚያ ቀን ከመኪና የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ብክለት በከተሞች ውስጥ እንዴት እንደሚያሽቆለቁል ይለካል፤ በአንድ ሌሊት ነው የሚወርደው። እናቴ ከጎንደር የመጣች ናት። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ «ዛሬ አየሩ የአገሬን ይመስላል» ትላለች። መኪናው ሲቆም አየሩ ወዲያው እንደሚጠራ በዓይኔ ስላየሁ ነው የምጽፈው። ዓመታት መጠበቅ አያስፈልገውም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ | ጥቅምት 7

እኛም በ2011 የተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» አለን። ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ የነበረው ደስታ አይረሳኝም። ግን በወር አንድ እሑድ ነው። የቀሩት ቀኖች ናቸው የሚያስጨንቁኝ።

ጀሞ ሦስት | ጥቅምት 8

ስለ ዘይት ማንም አላነሳም። ሰፈራችን ወንዝ ዳር ዘይት የሚቀይሩ አሉ። የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ ይደፉታል። እዚያው ላቫጆ አለ፤ የታጠበው ሁሉ ወደ ወንዙ ነው። ያ ውሃ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ እኛው ገዝተን እንበላዋለን። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት ብዙ ሺህ ሊትር ውሃ ያበላሻል። ዘይት ስትቀይሩ «የቆየው የት ነው የሚሄደው?» ብላችሁ ጠይቁ። በርሜል ካላሳያችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ እንዴት ነው?

ባለ ጋራዡ | ጥቅምት 8

በበርሜል እናጠራቅማለን። ገዢ አለው፤ መጥተው ይወስዱታል። የሚደፋ ሰው ገንዘብም ነው የሚደፋው። ፊልትሮውም ውስጥ ዘይት ይቀራል፤ ገልብጦ አንድ ሌሊት ማንጠፍጠፍ ነው።

ሲኤምሲ እናት | ጥቅምት 9

የአያቱ አባት፣ የጻፍከውን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «አራቱ ወንበር ባዶ ነው» ያልከው ላይ።

ሴንሰሩም ጎማውም ጥሩ ነው። ሁሉንም አድርግ። ግን ሁሉም ተደምሮ ምን ያህል ይቀንስልሃል? አምስት ሊትር? አሥር ሊትር? ሦስት ሰው በአንድ መኪና ቢሄድ ግን ሁለት መኪና ጨርሶ ከቤት አይወጣም። ምንም ዕቃ አይገዛም። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ከአምና ጀምሮ እንዲህ ነው የምንሄደው፤ ወደ ካዛንቺስ።

መጀመሪያ ገንዘብ ልናዋጣ ነበር። አንዱ ጎረቤታችን ከለከለን። ኮድ 2 መኪና ሰው በክፍያ መጫን አይችልም፤ ትራፊክ ቢይዝ ጣጣ ነው። ገንዘብ ከገባበትም ወዳጅነቱ ይበላሻል። ስለዚህ በሳምንት ተራ ያዝን። የእኔ ሳምንት በእኔ መኪና፣ የእሱ ሳምንት በእሱ። ብር አይነሳም።

ሁለት ነገር ቸግሮን ነበር። አንደኛው ሰዓት ነው። አሁን ሕጋችን ከጠዋቱ 12:40 በር ላይ ያልተገኘ ሰው አይጠበቅም፣ አይኮረፍም። ሌላው ማታ ነው። ሥራ የሚያመሽ ሰው አለ። የጠዋቱን አብረን እንሄዳለን፤ ማታ ያመሸ በታክሲ ወይ በአውቶቡስ ይመጣል። ሁለቱን ጉዞ ካልያዝኩ ብለህ ከጀመርክ በሳምንት ትተወዋለህ። የጠዋቱን ብቻ ያዝ።

የአያቱ አባት | ጥቅምት 9

እህቴ፣ ይህን እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? ብሎካችን ላይ ወደ ሜክሲኮና ልደታ የሚሄዱ ቢያንስ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት መኪና እያስነሳን ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን ተከትሎ እስከ መገናኛ በሰልፍ እንሄዳለን። ዛሬ ማታ በራቸውን አንኳኳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ልጄን ባለቤቴ ስለምታደርሳት ደግሞ ባቡሩን ልሞክር። ከአያት ሜክሲኮ ቀጥታ ነው፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው።

የአያቱ አባት | ኅዳር 14

የጻፋችሁልኝን ሁሉ ሠርቼበታለሁና የሆነውን ልንገራችሁ።

ቼክ ኢንጂን መብራቷ ተሸፍና ነበር፤ ተገለጠች። ወዲያው በራች። ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል። ተቀየረ። የቫልቮቹ ጎማዎችም ተቀየሩ። ካታሊቲኩ እንደ ዕድል ሆኖ አለ። ጎማዎቹ ከልካቸው 9 ጎድለው ነበር። ድሮ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ትበላ የነበረችው አሁን 8 ገደማ ናት።

ትልቁ ለውጥ ግን ያንን በር ማንኳኳቴ ነው። አንዱ ጎረቤቴ ሳልጨርስ «እኔ ራሴ ልነግርህ አፍሬ ነው» አለኝ። ሦስት ጎልማሶችና ሁለት ልጆች ነን፤ አምስቱ ወንበር ሞላ። ልጆቹ ከኋላ ቀበቶ አስረው ነው። መጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን 20 ደቂቃ ጠብቀን ተበሳጭተን ነበር። የ12:40ን ሕግ ከዚህ ወስደን አጸደቅን። አሁን ይሠራል።

ባለፈው አንድ ወር የነዳሁት ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ለሥራ የቀዳሁት 24 ሊትር ሆነ። 40 ሊትር ተረፈ፤ 92 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። የሁለቱ ጎረቤቶቼን ገና አልደመርኩም። ሐሙስን በባቡር ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ ቆሜ፣ ሁለቴ ተቀምጬ።

ጠዋት ሁላችንም ከተሳፈርን በኋላ ነው ሞተሩ የሚነሳው። ልጄ ከኋላ ስታልፍ እጅጌዋን አታነሳም። አልነገርኳትም፤ በራሷ ነው የተወችው።

እግረኛዋ | ኅዳር 14

ይህን አነበብኩና ዛሬ መገናኛ ላይ ስደርስ ለዚያች እናት በቆሎ ስገዛ ነገርኳት። «ሰዎቹ ስለ እኛ ያወራሉ እንዴ?» አለችኝ። ጋሼ፣ የዚያ መስመር ቅጥቅጥ ሹፌሮች ማኅበር ቢሮ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ ፓምፑ የነገሩኝን ቢያስረዱልኝ አብሬዎት እመጣለሁ።

ባለ ጋራዡ | ኅዳር 14

ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ እዘጋለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ መገናኛ እመጣለሁ። አንድ ሁለት ሹፌር ፈቃደኛ ካገኘሽልኝ እዚያው ፊልትሯቸውን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ።

ሰሚት 72 | ኅዳር 15

ከሰሚት ወደ ሳር ቤት በጠዋት የሚሄድ አለ? እኔ ቪትስ አለችኝ፣ ሦስት ወንበር ባዶ ነው። ከሰኞ መጀመር እችላለሁ።